በክረምትና በብርድ ጊዜ የመኪና መስተዋት በጉም የሚሸፈንበት ምክንያትና መከላከያው

የክረምት ዝናብ በጠናበት ወራት፤ እንዲሁም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ማለዳ፤ የንግድ ዕቃ ጭኖ የሚጓዝ መኪና ሁሉ አንድ የጋራ ችግር ያጋጥመዋል። ይኸውም የፊት መስተዋቱ ከውስጥ በኩል በጉም ተሸፍኖ ነጂው መንገዱን ለማየት የሚቸገር መሆኑ ነው። ነገሩ ከልማድ የተነሣ እንደ ቀላል ይቈጠራል። ነጂው በመዳፉ ወይም በሹራቡ እጅጌ የሳሕን ያኽል ቦታ ይጠርግና በዚያች ቀዳዳ እያጮለቀ ጕዞውን ይቀጥላል። ነገር ግን በመኪናው ላይ ያለው ዕቃ የነጋዴው ገንዘብ፤ በመኪናው ውስጥ ያለውም ሰው የቤተ ሰቡ አለኝታ ስለ ሆነ፤ ምክንያቱንና መከላከያውን ማወቅ ለአስመጪውም፤ ለላኪውም፤ ለባለሱቁም ይጠቅማል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ጊዜ በነሐሴ ወር ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ነበር። ጭነቱ ከጂቡቲ ወደብ የመጣ የብርጭቆና የሳሕን ዕቃ ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን፤ ከፍታው ከ 3000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ጣርማ በር የሚያወጣውን አቀበት ስንይዝ፤ በውጭ ደመናው መንገዱን ሸፈነው፤ በውስጥም ሦስት ሰዎች እርጥብ ጋቢ ደርበን፤ መስኮቱን ዘግተን ተቀምጠን ነበር። መስተዋቱ ነጭ ሆነ። ነጂው እየጠረገ፤ መስተዋቱም መልሶ እየተሸፈነ፤ ከዋሻው አጠገብ ስንደርስ ተበላሽቶ የቆመ መኪና ከፊታችን ነበር። ነጂው ያየው ረዳቱ ከጮኸ በኋላ ነው። ሳይጋጭ ማቆም ቢችልም፤ ፍሬኑ በድንገት ስለ ተያዘ ከኋላ የተደረደረው ካርቶን ተናደ። ባለንብረቱ አዲስ አበባ ላይ ዕቃውን ሲያራግፍ ስንት ብርጭቆ ደኅና ሆኖ እንዳገኘ አንባቢ ይገምተው። ወደ ኋላ ሲታይ ግን የጥፋቱ ሁሉ መነሻ በክሩስኮቱ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ እጀታ ነበረች፤ የውጭውን አየር በሚዘጋው በኩል ተገፍታ ቀርታ ነበር።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንመለስ። አየር ውሀን በማይታይ ተን መልክ ይሸከማል። የሚሸከመው ልክ ግን እንደ ሙቀቱ መጠን ይለያያል። አንድ ሜትር ኩብ አየር ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ እስከ 30 ግራም ገደማ፤ በ 20 ዲግሪ 17 ግራም ገደማ፤ በ 10 ዲግሪ 9 ግራም ተኩል ያኽል፤ በ 0 ዲግሪ ግን ከ 5 ግራም የማይበልጥ ውሀ ብቻ ለመያዝ ይችላል። ይህን በነጋዴ አነጋገር ብንገልጸው፤ አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንደሚጠብ መጋዘን ነው። መጋዘኑ በጠበበ ቍጥር ቦታ ያጣው ዕቃ ወደ ደጅ ይጣላል። ከአየርም የተረፈው ውሀ በአቅራቢያው ባገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ በጥቃቅን ነጠብጣብ ያርፋል። ይህ መጣል የሚጀምርበት የቅዝቃዜ ልክ የጤዛ ነጥብ ይባላል። በማለዳ በሣር ላይ የምናየው ጤዛ፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ላዩ ማራሱ፤ የባለሱቁም የማቀዝቀዣ በር መስተዋት በዝናብ ቀን መጨፍገጉ ሁሉ ከዚሁ የመነጩ ናቸው።

በመኪና ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀዘቅዘው መስተዋቱ ነው። ቀጭን ከመሆኑም በላይ በውጭ በኩል ነፋስና ዝናብ ስለሚመታው፤ የውስጡ አየር ሞቅ ያለ ሲሆን እንኳ መስተዋቱ የውጭውን ብርድ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ጉሙ በጣሪያው ጨርቅ ወይም በወንበሩ ላይ ሳይታይ፤ ልናይበት በምንፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ጐልቶ ይታያል።

ውሀውስ ከወዴት ይመጣል? ዋናው ምንጭ ተሳፋሪው ራሱ ነው። ሥራ ሳይሠራ የተቀመጠ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በኩል በአንድ ሰዓት ውስጥ በግምት ከ 30 እስከ 50 ግራም ውሀ ያወጣል። እንግዲህ 12 መንገደኞች የያዘ ሚኒባስ በሰዓት ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሀ በአየሩ ውስጥ ይፈስበታል ማለት ነው። የሚኒባሱ ውስጥ 8 ሜትር ኩብ ያኽል አየር ቢይዝና የውጭው ብርድ 10 ዲግሪ ቢሆን፤ መስኮቶቹ ሁሉ ከተዘጉ መስተዋቱን ለመሸፈን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የመንገደኛው እርጥብ ካፖርት፤ ዣንጥላና ጭቃ የያዘ ጫማ ሲጨመርበት ደግሞ ጊዜው ከዚህ ያጥራል። በክረምት ማለዳ መንገደኛው ብርድ ፈርቶ መስኮት አይከፈት ሲል፤ ነጂው ደግሞ ለማየት ሲል ክፈቱ እያለ የሚነሣውን ክርክር የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ አይገኝም። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነቱ ከነጂው ጋራ ነው።

በመኪናው ክሩስኮት ላይ ካሉት ቍልፎች መካከል ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንደኛው ላይ የመኪና ሥዕል ተሥሎ በውስጡ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ ቀስት ይታያል። ይህ በመኪናው ውስጥ ያለው አየር እዚያው እየተመላለሰ እንዲዞር የሚያደርግ ነው። በሌላው ላይ ቀስቱ ከውጭ ወደ መኪናው ይገባል፤ ይህም የውጭውን አየር የሚያስገባ ነው። አንዳንድ መኪናዎች ለሁለቱም አንድ ቍልፍ ብቻ አላቸው፤ መብራቱ ሲበራ አየሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ሦስተኛው፤ ታቹ ጠበብ ላዩ ሰፋ ብሎ የተቀለሰ የመስተዋት ቅርጽና ወደ ላይ የሚወጡ ሦስት ጠመዝማዛ ቀስቶች ያሉበት ሲሆን፤ አየሩን ወደ ፊት መስተዋት የሚመራ ነው። ቅርጹ አራት ማዕዘን ከሆነ ግን የኋላውን መስተዋት የሚያሞቅ ነው።

የአዲስ አበባ ነጂዎች የናፍጣ ጭስና የመንገድ አቧራ እንዳይገባባቸው ብለው የመጀመሪያውን ቍልፍ ዓመቱን ሙሉ እንደ ተጫነ ይተዉታል። በበጋ ጊዜ ይህ ምክንያት አለው። በክረምት ግን እርጥበትን በመኪናው ውስጥ ቈልፎ ማስቀመጥ ይሆናል። የውጭው አየር በዝናብ ቀን እርጥብ መስሎ ቢታይም፤ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የሚይዘው ውሀ ከውስጡ አየር ያነሰ ነው፤ ገብቶ ሲሞቅ ደግሞ እርጥበት የመቀበል ኃይል ያገኛል። ይህን ብዙ ሰው አያምንም፤ ነገር ግን ከላይ የሰጠነውን የግራም ሒሳብ መልሶ ላየ ሰው ግልጽ ነው።

መስተዋቱ በጕዞ ላይ ሳለ የተሸፈነ እንደ ሆነ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ፤ ካስፈለገም ከመንገድ ወጥቶ ይቁም። የውጭውን አየር ይክፈት፤ አየሩን ወደ ፊት መስተዋት ይምራ፤ ማራገቢያውን ወደ ከፍተኛው ያድርስ፤ ሙቀቱን ይጨምር፤ የአየር ማቀዝቀዣውንም ያብራ። በዚህ በመጨረሻው ነገር ብዙዎች ይደናገራሉ፤ በብርድ ቀን ማቀዝቀዣ ማብራት ምን ይባላል ይላሉ። የማቀዝቀዣው መሣሪያ ግን አየሩን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ቧንቧዎችና በስስ ብረቶች መካከል ያሳልፈዋል፤ ውሀውም እዚያ ላይ ተንጠፍጥፎ በትንሽ ቱቦ ከመኪናው ሥር ይፈሳል። ከዚያ በኋላ አየሩ በራዲያተሩ ሙቅ ውሀ በሚሠራው ማሞቂያ በኩል አልፎ፤ ደርቆና ሞቆ ወደ መስተዋቱ ይወጣል። ማድረቅና ማሞቅ አንድ ላይ ሲሆኑ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ መስተዋቱ ይጠራል። የውጭው ብርድ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ብቻ፤ መሣሪያው በረዶ እንዳይዘው ራሱን ያቆማል። መስተዋቱ ከጠራ በኋላም ማቀዝቀዣውን ወዲያውኑ ማጥፋት ጥሩ አይደለም፤ በቀዝቃዛዎቹ ብረቶች ላይ የቀረው ውሀ በሚነፍሰው አየር ተመልሶ ይተንና መስተዋቱን በድንገት ይሸፍነዋል።

ማለዳ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ማሞቂያው ምንም አይጠቅምም። በተለይም የናፍጣ ሞተር ለመሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለት መስኮቶችን፤ አንዱን ከፊት በግራ፤ ሁለተኛውን ከኋላ በቀኝ፤ ሁለት ጣት ያኽል ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ማቀዝቀዣ የሌላቸው ወይም ማቀዝቀዣቸው የተበላሸባቸው አሮጌ መኪናዎችም ያላቸው ዋና መድኃኒት ይኸው ነው። በመዳፍ መጥረግ ግን መከልከል አለበት። የእጅ ወዝ በመስተዋቱ ላይ ይቀርና ቀጥሎ የሚያርፈውን ነጠብጣብ ያከብደዋል፤ ማታም የሚመጣውን መኪና መብራት በሰፊው ይበትነዋል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከመሪው አጠገብ ማስቀመጥ ምን ያኽል ወጪ ነው?

በቆላ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። በጂቡቲ ወደብ አካባቢ ማቀዝቀዣው በኃይል ሲሠራ መስተዋቱ ከውስጥ ይቀዘቅዛል፤ የውጭው ሞቃትና እርጥብ አየር በላዩ ላይ ጤዛ ይጥላል። ጣትን በመስተዋቱ ላይ አሳልፎ በየትኛው በኩል እንደ ሆነ ማወቅ ይቻላል። ከውጭ ከሆነ የዝናብ መጥረጊያው ብቻውን ያስወግደዋል፤ ቅዝቃዜውንም ከፊት መስተዋት ወደ ሌላ አቅጣጫ መመለስ ነው። የዝናብ መጥረጊያን በ 1903 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በፓተንት ያስመዘገበችው ሜሪ አንደርሰን የምትባል የአላባማ ሴት ነበረች። ከውስጥ ላለው ጉም ተመሳሳይ መጥረጊያ አልተለመደም።

ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ተደርጎ መስተዋቱ ዘወትር የሚሸፈን ከሆነ ግን፤ በመኪናው ውስጥ የተደበቀ ውሀ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያ የወለሉን ምንጣፍ አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በእጅ መጫን ያስፈልጋል። ላዩ ደርቆ ሳለ ከሥሩ ብዙ ውሀ ሊይዝ ይችላል። ውሀው የሚገባው በተሰነጠቀ የበር ላስቲክ፤ ወይም በቅርቡ ተለውጦ በደንብ ባልተለጠፈ የፊት መስተዋት ጠርዝ፤ ወይም ከመስተዋቱ ሥር ያለው የዝናብ መውረጃ በቅጠል በመዘጋቱ ሊሆን ይችላል። የማቀዝቀዣው የውሀ ቱቦ በአቧራ ከተደፈነ ውሀው ወደ ኋላ ተመልሶ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ይጠራቀማል። የአየር ማጣሪያውም (የሞተሩ ሳይሆን የመኪናው ውስጥ አየር የሚያልፍበት) በአቧራ ሲሞላ ማራገቢያው እየጮኸ አየሩ ግን አይወጣም። ይህ ማጣሪያ በዓመት አንድ ጊዜ፤ ወይም ከ 15000 እስከ 20000 ኪሎ ሜትር በተሄደ ጊዜ ይለወጣል ቢባልም፤ በእኛ የኮረኮንች መንገድ ላይ ከዚያ ቀደም ብሎ መለወጥ ይገባዋል። አብዛኛው ባለመኪና እንዲህ ያለ ዕቃ በመኪናው ውስጥ መኖሩን አያውቅም፤ የመለዋወጫ ነጋዴዎች ይህን ለደንበኞቻቸው ቢያስታውሱ ለሁለቱም ወገን ጥቅም ነው።

ከሁሉ የከፋው ምልክት፤ ጉሙ ሲጠረግ ቅባት የመሰለ ነገር በመስተዋቱ ላይ የሚቀር፤ በመኪናውም ውስጥ ጣፋጭ ሽታ የሚሸት እንደ ሆነ ነው። ይህ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ተበስቶ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ውስጥ እየተነነ መሆኑን ያመለክታል። የራዲያተሩ ውሀ እየጐደለ ስለሚሄድ፤ ዝም ከተባለ በመጨረሻ ሞተሩን ያቃጥላል። ሳይዘገይ ለመካኒክ ማሳየት ነው።

የመስተዋቱ ንጽሕናም ታላቅ ድርሻ አለው። የሲጋራ ጭስ፤ ከአዲስ መኪና ፕላስቲክ በፀሐይ የሚወጣው ተን፤ ክሩስኮቱን ለማብረቅ የሚቀባውም ቅባት በመስተዋቱ ላይ ስስ ልባስ ይፈጥራሉ። ንጹሕ ባልሆነ መስተዋት ላይ ውሀው ለየብቻ እየተድቦለቦለ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም ነጠብጣብ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ጥቂት ኮምጣጤ በተጨመረበት ውሀ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። የጋዜጣ ወረቀት ለዚህ ሥራ የተመሰገነ ነውና፤ ይህ ጋዜጣም ከተነበበ በኋላ ለዚሁ ቢውል ቅር አንሰኝም፤ ቀለሙ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

ጉም ይከላከላሉ ተብለው በጠርሙስ የሚሸጡት ፈሳሾች የሚሠሩት ውሀውን በማባረር አይደለም። ነጠብጣቡ እንዳይድቦለቦል አድርገው እንደ ስስ ሽፋን ይዘረጉታል፤ ዓይንም በዚያ በኩል አልፎ ያያል። ደረቅ ሳሙና በስሱ ቀብቶ እስኪጠራ ድረስ በጨርቅ መወልወል ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የጢም መላጫ አረፋም እንዲሁ ነው። ሁሉም ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ መታደስ አለባቸው፤ በወፍራሙ የተቀባ እንደ ሆነ ደግሞ ማታ መብራት ሲመጣ መስተዋቱ ይንቦገቦጋል። ባለሱቁ ጠርሙሱን ሲሸጥ ይህን ለገዢው ቢነግረው፤ ዕቃው አይረባም ተብሎ ከሚመለስበት ነቀፌታ ይድናል።

በጫማና በኤሌክትሪክ ዕቃ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸውን ትናንሽ የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች በመኪና ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎችም አሉ። ሲሊካ ጄል የተባለው ይህ ነገር ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያኽል ውሀ ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ 5 ግራም የሚመዝን ከረጢት ከሁለት ግራም ያነሰ ውሀ ሲይዝ፤ አንድ ሰው ብቻውን ያንን በጥቂት ደቂቃ ያወጣዋል። መኪናው ተዘግቶ በሚያድርበት ሌሊት፤ ግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ከረጢት ግን ጠቃሚ ነው፤ በመጠነኛ ሙቀትም አድርቆ እንደ ገና መጠቀም ይቻላል።

ቡና ላኪዎቻችን ይህን ሁሉ በሌላ ስሙ፤ የኮንቴይነር ላብ ብለው ያውቁታል። በሞቃቱ ወደብ የተጫነው ኮንቴይነር ወደ አውሮፓ ቀዝቃዛ ባሕር ሲደርስ ጣሪያው ይቀዘቅዛል፤ ከቡናው የወጣው እርጥበት ጣሪያው ላይ ተጠራቅሞ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሻጋታም ያስከትላል። ኮንቴይነሩን በወፍራም ወረቀት መልበስና እርጥበት መጣጭ ከረጢት መስቀል የተለመደው ስለዚህ ነው፤ የቡናውም እርጥበት ከ 12 በመቶ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ከሁለቱም ይበልጣል።

በኋላ መስተዋት ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ናቸው። ሲጠረጉ እንደ መስመሩ አቅጣጫ በጨርቅ ይጠረጉ እንጂ በምላጭ አይፋቁ፤ ጥቁር ላስቲክ የተለጠፈበት መስተዋትም ላስቲኩ ሲላጥ መስመሮቹ አብረው ይነሣሉ። የተቈረጠ መስመር ያለበትን ቦታ ሳይሞቅ በሚቀረው ክፍል መለየት ይቻላል።

በመጨረሻ አስመጪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። በጥር ወር 2016 ዓ/ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፤ በኤሌክትሪክ ካልሠሩ በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፤ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በከተማችን በዝተዋል። እነዚህ መኪናዎች ሙቅ የራዲያተር ውሀ የሚሰጥ የነዳጅ ሞተር የላቸውም፤ የሚያሞቁት ከባትሪው በሚወስዱት ኃይል ነው። ስለዚህ ነጂው ባትሪውን ለመቈጠብ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን ያጠፋል፤ አንዳንዱም መኪና በቍጠባ ሥርዓት ላይ ሲሆን የውጭውን አየር ራሱ ይዘጋል፤ መስተዋቱም ይሸፈናል። ቍጠባው ግን ትንሽ ነው። 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና ለዚህ ሥራ 2 ኪሎዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያወጣ፤ ከባትሪው 5 በመቶ ብቻ ይቀንሳል፤ መስተዋቱን ለማጥራትም ሰዓቱ ሙሉ አያስፈልግም። መኪናው ሌሊት በቤት ውስጥ ኃይል ሲሞላ የሚያድር ከሆነ ደግሞ፤ ገመዱ ሳይነቀል ከመነሣት 10 ደቂቃ በፊት ማሞቂያውን ማብራት ከባትሪው ምንም አይወስድም ማለት ይቻላል።

ከቻይና ለዚያው ገበያ ተሠርተው የሚመጡት መኪናዎች መጽሐፋቸውም፤ በመስኮተ ብርሃናቸው ላይ የሚታየውም ጽሑፍ በቻይንኛ ስለ ሆነ፤ ገዢው የትኛው ምልክት የውጭውን አየር እንደሚከፍት ሳያውቅ ይነዳል። አስመጪው መኪናውን ከማስረከቡ በፊት የሦስቱን ቍልፎች ትርጕም በአማርኛ ጽፎ በክሩስኮቱ አጠገብ ቢለጥፍ፤ ወጪው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያስመጡም፤ በብዙዎቹ መኪናዎች የሚገባው አር 134 ኤ እና በአንዳንድ አዳዲሶቹ የሚገባው አር 1234 ዋይ ኤፍ የማይቀላቀሉ መሆናቸውን በቆርቆሮው ላይ ለገዢው በግልጽ ያመልክቱ። የትኛው ጋዝ እንደሚገባ በሞተሩ ክዳን ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል።